ሳልከፍት የጻፍኩት ሪፖርት

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ንብረት ለማስረከብ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ስገባ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ኮምፒውተሮች አየሁ። እያንዳንዳቸው ላይ "አገልግሎት የማይሰጥ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እጄ አላርፍ አለኝና አንዱን አውርጄ ጎኑን ፈታሁት። ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን በአቧራ ታንቆ ቆሟል። ከፋኑ ሥር ሙቀቱን የሚስበው ባለ ስስ ክንፍ አሉሚኒየም አለ፤ በክንፎቹ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ቡትቶ በተጠቀጠቀ ብናኝ ተደፍኗል። ሌላ ምንም አልሆነም። በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት፤ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ አሉሚኒየሙ የሚያሻግረውን፣ እንደ ጠመኔ የደረቀውን ፔስት አንሥቼ አዲስ ቀባሁና ሰካሁት። ተነሣ።

የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ከበስተኋላዬ ቆማ ታይ ነበር።

"ጋሽ ገዛኸኝ፣ ምነው ነካኩት? እሱኮ በኮሚቴ ሞቷል።"

"ይኸው እየሠራ ነው እኮ።"

"እሱማ ይሠራል። ቃለ ጉባኤው ግን ተፈርሟል። አሁን እንደገና ሠራ ብል ኮሚቴውን ውሸታም አልኩት ማለት ነው።"

ከዚያ ከሶኬቱ ነቀለችና ወደ ነበረበት እንድመልሰው ጠየቀችኝ። መለስኩት። ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ደሜ እንደፈላ ነበር፤ እስካሁንም አልበረደልኝም። የሩብ ሰዓት ጽዳት የነፈግነውን ዕቃ በግማሽ ቀን ስብሰባ እንገድላለን። ሕዝቡ በራፋችን ላይ ተሰልፎ "ኮምፒውተር የለም" እየተባለ ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያየሁት ይኸው ነው።

ይህን ስናገር ግን ንጹሕ ሆኜ አይደለም። እኔም ሰው አቃጥያለሁ። እሱን ለመናገር ነው ብዕር ያነሣሁት።

ጅማ የመጣሁት ከደብረ ማርቆስ ነው፤ የቴክኒክ ትምህርቴን እንደጨረስኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው ብል ይበቃል። የጥገና ክፍሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ በውስጧ ጋሽ ነስሩ ተቀምጠዋል። ጋሽ ነስሩ የጅማ ልጅ ናቸው፤ ቤታቸው ጊንጆ ጉዱሩ ነው። በልጅነታቸው የቡና መፈልፈያ ሞተር ጠግነዋል፣ ከዚያ የጽሕፈት መኪና፣ በስተርጅና ደግሞ ኮምፒውተር መጣባቸው። ከመጽሐፍ የተማሩት ነገር የለም፤ ግን እንደሳቸው ማሽን የሚያደምጥ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም።

አንድ ኮምፒውተር ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት መዳፋቸውን ገልብጠው በእጃቸው ጀርባ ጎኑን መንካት ነው፤ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን እንደሚነኩት። ከዚያ "ቢስሚላህ" ብለው ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ። የፈቱትን እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ትይዩ ጨርቁ ላይ ያስቀምጡታል። ፋኑን በብሩሽ ሲጠርጉ ክንፉን በአንድ ጣታቸው ይይዙታል፤ በነፋስ እንዲሽከረከር አይፈቅዱለትም። የተረሳኝ እንደሆነ "ሱታ! ሱታ!" ይሉኛል፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። "ፋኑን ያለ ሥራው አታስሩጠው። ኩሽኔታው ያልቃል።" ፕሮሰሰሩን በአልኮልና በጥጥ ሲያጸዱ ብረቱ የገዛ ዓይናቸውን እስኪያሳያቸው ድረስ አያቆሙም። ፔስቱን የምስር ክክ ያህል መሐል ላይ ያኖራሉ። እኔ አብዝቼ ስጨምቅ "አካስ ሚቲ! እንደሱ አይደለም። ዳቦ ላይ ማርማላታ ልትቀባ ነው?" ብለው ይቆጡኛል። ብሎኖቹን ሲያስሩም አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሄዱም፤ ከጥግ ወደ ትይዩ ጥግ እያፈራረቁ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ዙር እየሰጡ ነው። በመጨረሻ ጨርቁን ያያሉ። የወጣ ሁሉ ይቆጠራል፤ አዲስ ዕቃ የገባ እንደሆነ መጠቅለያው፣ ላስቲኩ፣ ቁርጥራጩ ሁሉ ጨርቁ ላይ መገኘት አለበት።

ከሁሉ የበለጠ ኃላፊዎቹን የሚያናድድ አንድ ልማድ ነበራቸው። "ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?" ብለው ሲጠይቋቸው ጎኑን ሳይፈቱ መልስ አይሰጡም። "አላህ ያውቃል፤ እኔ ገና አልከፈትኩም" ይላሉ። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ "ግምትዎን ይንገሩኝ እንጂ!" ብሎ ጮኸባቸው። "ግምቴን ከነገርኩህ ትጽፈዋለህ፤ ከጻፍከው እውነት ይሆናል" አሉት።

ሁለት ዓመት አጋሮ ቅርንጫፍ ሠርቻለሁ። እዚያ ጠላቴ የቡና ገለባ ነበር። ቅርንጫፉ ከአንድ መፈልፈያ ጋር በአጥር ይዋሰናል፤ ጀንፈል መፈልፈል ሲጀመር ያ ቡናማ ብናኝ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛውን፣ መዝገቡን፣ የሰዉን ቅንድብ ሳይቀር ያለብሰዋል። በማሽኑ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የጅማን እርጥበት ጠጥቶ እንደ ጭቃ ይለጠፋል። በየሁለት ሳምንቱ ካልጠረግኩት ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ያዘግማል፤ ሲብስበት ድርግም ይላል። ይህን ለቅርንጫፉ ኃላፊ በሰላም አስረዳሁት። ጥሩ ሐሳብ መጣልኝ ብሎ አናጢ ጠራና ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ባለ ቁልፍ የእንጨት ሣጥን አሠራለት። አቧራም ሌባም አይገባበትም አለ። አየርም አይገባበትም ብዬ ስነግረው "አንተ ማሞገስ አታውቅም" አለኝ። በወር ውስጥ ሁለቱ በሣጥናቸው ውስጥ ተቃጠሉ። ሪፖርቱ ላይ "በቫይረስ ምክንያት" ተብሎ ተጻፈ። እኔ አልፈርምም ስል ሌላ ሰው ፈረመ።

ጅማ ስመለስ ደግሞ ዳንቴል ጠበቀኝ። ኮምፒውተሩ እንደ ሙሽራ ዳንቴል ለብሶ ከነዳንቴሉ ይሠራል። የአየር መውጫው ላይ ያለውን ጨርቅ ሳነሣ "ለጽሕፈት ቤቱ ገጽታ ነው፣ ይመለስ" የሚል ማስታወሻ ይደርሰኛል። ደመወዜ ጥቂት ነበር፤ እሱን አላማርርም፣ የሁሉም ጥቂት ነው። የሚያንገበግበኝ ማሽን ሲቃጠል ማንም ማንንም አለመጠየቁ፣ ተጠያቂ ሲፈለግ ደግሞ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ሰው ላይ መውረዱ ነው።

እንዲህ እየተንገበገብኩ ነው እኔ ራሴ ያደረግኩት።

ጋሽ ነስሩ ጡረታ ከወጡ በኋላ የጥገናውን ክፍል እኔ ያዝኩ። በዚያን ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ መርዕድ ይባል ነበር፤ የጽሕፈት ሥራውን የምትይዘው ዘይነባ ነበረች። ዘይነባ የጅማ ልጅ ናት፤ ደብዳቤ በአማርኛም በኦሮምኛም ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል ትጽፋለች። እናቷ እማማ ፋጡማ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ውለዋል። ዘይነባ በምሳ ሰዓት ምሳዋን አትበላም፤ ወደ ቤት ሮጣ እናቷን አገላብጣ፣ አጉርሳ፣ ቀይራ ትመለሳለች። ይህን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

የማሽኗ ፋን መጮህ ጀመረ። ኩሽኔታው አልቆ ነበርና ፋኑን ከነአሉሚኒየሙ በአዲስ ልለውጠው ወሰንኩ። የመጣው አዲስ ዕቃ ፔስቱ ከፋብሪካ ተቀብቶ የመጣ ዓይነት ነው፤ ፔስቱ እንዳይነካካ በስስ፣ ውኃ በመሰለ ላስቲክ ይሸፈናል። ላስቲኩ ተልጦ ነው የሚገጠመው። በዚያ ሳምንት ከበላይ ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ዐሥር ማሽን አድርስ ተብዬ ነበር። ጨርቅ አላነጠፍኩም። ብሎኖቹን ኪሴ ከተትኩ። ገጠምኩት፣ ሰካሁት፣ ተነሣ፣ ሄድኩ።

በሁለት ሳምንቱ ዘይነባ መጣች። "ገዛኸኝ፣ ማሽኑ ይጠፋብኛል። ረጅም ነገር ስጽፍ ድርግም ይላል።"

መጣሁ። ቆሜ አየሁት። ጠረጴዛዋ ሥር፣ ኮምፒውተሩ በተሰካበት የመብራት ማከፋፈያ ላይ፣ ሻይ የምታፈላበት የውኃ ማፍያ ተሰክቷል።

"ይኸው ምክንያቱ" አልኳት። "መብራቱን እየሳብሽበት ነው።"

"እሱንማ ሦስት ቀን ነቅዬው ነበር። ዛሬ ነው የሰካሁት። ሳልሰካውም ይጠፋል።"

"እኔ ውስጡን በቅርብ ሠርቼዋለሁ። ውስጡ ምንም የለበትም።"

ይችን ቃል እስከዛሬ እሰማታለሁ። ሠርቼዋለሁ! ትዕቢት እንጂ ሥራ አልነበረም። ጎኑን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ ሁለት ብሎን መፍታት ከብዶኝ ሄድኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማሽኑ እንደገና ሲጠፋ ዲስኩን ይዞት ጠፋ። በውስጡ የዓመቱ የሠራተኛ ዕድገት ሰነድ ነበረበት፤ አልተረፈም። አቶ መርዕድ አስጠራኝ። ዘይነባ ጥግ ላይ ቆማለች።

"ባለሙያው አንተ ነህ። ችግሩ ምንድን ነው?" አለ።

"የአያያዝ ነው" አልኩ።

"እኔ ምንም አላደረግኩትም" አለች ዘይነባ። "ገዛኸኝ፣ አልከፈትከውምኮ።"

አቶ መርዕድ እሷን አላየም። "በጽሑፍ አምጣልኝ" አለኝ።

ጻፍኩ። "ብልሽቱ የተከሰተው በተጠቃሚዋ የአያያዝ ጉድለት ነው" ብዬ ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ። በሳምንቱ ዘይነባ ከጅማ ራቅ ወዳለው ሸቤ ቅርንጫፍ ተዛወረች። በቦታዋ የተቀመጠችው ደግሞ የአቶ መርዕድ የቅርብ ሰው ነበረች። ያን ሳይ ሪፖርቱን ለምን እንደፈለገው ጠረጠርኩ፤ ግን ወረቀቱ የኔ ነበርና ዝም አልኩ።

ዘይነባ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ እናቷን አዘጋጅታ በሚኒባስ ሸቤ ትሄዳለች፤ ስትመለስ መሽቷል። የምሳ ሰዓቱ ቀረ። ጎረቤት እየገባች ታያቸዋለች ተባለ፤ ግን አንድ ሰው የሌላን ሰው እናት በቀን ስንት ጊዜ ያገላብጣል?

ስምንት ወር አለፈ። ለሌላ ማሽን ፋን አስፈለገኝና ከተጣሉት መካከል የዘይነባን አወረድኩ። አዲስ ፋን እንደነበረው ትዝ ብሎኝ ነው። ፈታሁት፤ አሉሚኒየሙን አነሣሁት። ከሥሩ ላስቲኩ አለ። ተጨማዶ፣ ዳርዳሩ ጠይሞ፣ ፔስቱን እንደሸፈነ። ሙቀቱ መውጫ አልነበረውም። ስምንት ወር ሙሉ "አያያዝ" ስል የኖርኩት እሱን ነበር።

 መጀመሪያ የመጣብኝን ሐሳብ አልደብቅም፤ ልላጠው፣ ልጣለው፣ ማን ያያል የሚል ነበር። በእጄ ጨብጬው ወደ ጊንጆ ጉዱሩ ሄድኩ። ጋሽ ነስሩ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ላስቲኩን መዳፋቸው ላይ አኖርኩትና ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ብርሃን አነሡት።

"እንዴት ያለ ስስ ነገር ነው" አሉ። ቀጥለው ላስቲኩን መልሰው ሰጡኝ። "ለኔ ለምን አመጣኸው? ዘይነባ ያለችው ሸቤ ነው።"

"መጀመሪያ ለኃላፊው ልንገረው ብዬ ነው ጋሽ ነስሩ።"

"ንገረዋ። ከዚያ ግን ሸቤ ትሄዳለህ። እሱ ምንም ይበልህ ምን።"

ለአቶ መርዕድ ነገርኩት። ላስቲኩን በብዕሩ ጫፍ ገፋው።

"አቶ ገዛኸኝ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል።"

"ስህተቱ የኔ ነው። እሷ ያለ ጥፋቷ ነው የሄደችው።"

"በራስህ ላይ ፋይል መክፈት ትፈልጋለህ? ዲስኩን፣ ሰነዱን፣ ሁሉንም አንተ ላይ አዙረዋለሁ። ልጆች አሉህ። ሂድና ሥራህን ሥራ።"

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ዐሥር ቀን ፈራሁ። ዐሥር ቀን ሙሉ በየማለዳው የሸቤን ሚኒባስ እያየሁ አለፍኩ። በዐሥራ አንደኛው ተሳፈርኩ።

ዘይነባ ብቻዋን በአንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ከስታለች። ስታየኝ አልተነሣችም። ጠረጴዛዋ ላይ ላስቲኩን አኖርኩ፤ ምን እንደሆነ ነገርኳት፤ አጎንብሼ "አፉ በይኝ" ብዬ ይቅርታዋን ለመንኳት።

ላስቲኩን አነሥታ አየችው። ከዚያ "ወረቀት አምጥተሃል?" አለችኝ።

በእጄ የጻፍኩትን ሰጠኋት። አነበበችና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

"ይሄ አይሆንም። ቁጭ በል። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

ማሽኗን አስነሥታ ጣቶቿን አኖረች። ወረቀቴን አይቼ ጀመርኩ። "በወቅቱ በተፈጠረ የቴክኒክ ክፍተት ምክንያት..."

አልጻፈችም። "ክፍተቱን ማን ፈጠረው?"

"እኔ።"

"እንደሱ በል።"

"እኔ፣ ገዛኸኝ፣ ፋኑን ስገጥም ላስቲኩን ሳልልጥ ገጠምኩት።" ይህን ጻፈች። ቀጠልኩ፤ "ማሽኑም ሳይመረመር ሪፖርት..."

"ማን ሳይመረምረው?"

"እኔ ሳልመረምረው።"

"ነግሬህ ነበር?"

"ነግረሽኝ ነበር። አልከፈትከውም ብለሽኛል።"

"እሱም ይግባ።"

ገባ። አንድም ቃል ከራሷ አልጨመረችም፤ አንድም ቃል አላለዘበችልኝም። ሦስት ግልባጭ አወጣች፤ ሦስቱንም ፈረምኩ። አንዱ ለአቶ መርዕድ፣ አንዱ ለሠራተኛ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ አንዱ ለሷ። በሩ ላይ ስደርስ "አፉ" የሚለውን ቃል ጠበቅኩ። ራሷን አቀርቅራ ሌላ ሥራ ጀምራለች።

ኮሚቴው ወራት ፈጀ። ሰብሳቢው ታሟል፣ ማኅተሙ ስብሰባ ሄዷል፣ ፋይሉ አልተገኘም። በየሳምንቱ እየሄድኩ በራቸው ላይ ቆምኩ፤ እንደ ለማኝ እያዩኝ አለፉ። በመካከል እማማ ፋጡማ ሞቱ። ጎናቸው ቆስሎ ነበር። ለቅሶ ሄጄ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ ጋሽ ነስሩ ከጎኔ ነበሩ።

ከአርባቸው በኋላ ውሳኔው መጣ። "በቴክኒክ ሪፖርቱ ላይ ክፍተት ተፈጥሮ የነበረ መሆኑ በመረጋገጡ ሠራተኛዋ ወደ ቀድሞ የሥራ መደቧ እንድትመለስ ተወስኗል" ይላል። ይኸው ነው። የኔ ስም የለበትም፣ የአቶ መርዕድም ስም የለበትም። ክፍተት ራሱ ተነሥቶ ሄዶ ራሱን ፈጠረ! ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የዓመቱ ጭማሪዬም ቀረ። ይገባኛል። አቶ መርዕድ ግን ለከፍተኛ ኃላፊነት ታጭቶ ተዛወረ፤ ሽኝቱ ላይ ጋቢ አለበሱት። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ።

ዘይነባ ተመለሰች። ሰላምታ አትነፍገኝም፤ ማሽኗ ሲጮህም ትጠራኛለች። እኔ ጨርቅ አንጥፌ ስሠራ ቆማ ታያለች፤ እስክጨርስ አትቀመጥም። ለዓመታት እንዲህ ኖርን። ሰው "እርቅ አወረዳችሁ ማለት ነው" ይለኝ ነበር። አልነበረም።

ልወጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ክፍሏ ገባሁ።

"ዘይነባ፣ መሄዴ ነው። አፉ በይኝ።"

መጻፏን አቆመች። ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"ለራሴ ከሆነ ሸቤ የመጣህ ቀን ነው አፉ ያልኩህ፤ አልነገርኩህም እንጂ። ማንም አልመጣም፣ አንተ መጥተሃል። የእናቴን የምሳ ሰዓት ግን አፉ ልልህ አልችልም። የሳቸው ነው፤ የኔ አይደለም።"

ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋት።

"አላህ ጤና ይስጥህ ገዛኸኝ" አለችኝ። ከዚያ ወደ ማሽኗ ዞራ ያቋረጠችውን ዐረፍተ ነገር ቀጠለች።